ሆሴ ሂል ዴ ካስትሮ፦ የነጻ አውጪዎቹ ሠዓሊ

ሆሴ ሂል ዴ ካስትሮ በደቡብ አሜሪካ የነጻነት ጦርነት ዘመን የጦር አዛዦችን፣ የሹማምንትንና የወይዛዝርትን መልክ በሸራ ላይ ያስቀረ የፔሩ ተወላጅ ሠዓሊ ነው። በዛሬዎቹ የፔሩ፣ የቺሊ፣ የአርጀንቲና፣ የቦሊቪያና የቬኔዙዌላ መማሪያ መጻሕፍት የሚታየው የነጻነት መሪዎቹ የሳን ማርቲን፣ የኦሂጊንስ ወይም የቦሊቫር ፊት ብዙ ጊዜ ምንጩ የእሱ ብሩሽ ነው። የተወለደው በአውሮፓ አቆጣጠር በመስከረም 1785 በሊማ ከተማ ሲሆን፣ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።

ሊማ ያኔ የስፔን ንጉሥ እንደራሴ መቀመጫ ነበረች። ከነዋሪዎቿ ግማሽ የሚጠጉት ከአፍሪካ በባርነት የተጋዙ ሰዎችና የልጅ ልጆቻቸው ነበሩ። የሠዓሊው አባት ከባርነት ነጻ የሆነና በዘመኑ አጠራር «ፓርዶ» የሚባለው፣ ከአፍሪካና ከአውሮፓ ዘር የተቀላቀለው ወገን አባል ነበር። እናቱ ደግሞ በባርነት ኖራ በኋላ ነጻ የወጣች ጥቁር ሴት ነበረች። በስፔን ሕግ ልጅ የእናቱን ደረጃ ይወርስ ስለነበር እናቲቱ ገና ባሪያ ሳለች የተወለደው ታላቅ ወንድሙ ባሪያ ሆኖ ተወለደ፤ ከእሷ ነጻነት በኋላ የመጣው ሆሴ ግን ነጻ ሆኖ ተወለደ። ከአንድ አባትና እናት የተወለዱትን ሁለት ወንድማማቾች በሕግ ፊት የለያቸው የልደታቸው ቀን ብቻ ነበር።

እንዲህ ያለ ልጅ ሠዓሊ መሆኑ በዚያ ከተማ አያስገርምም። ሥዕል በስፔን አሜሪካ እንደ እጅ ሥራ ይታይ ነበር። የባለርስቶች ልጆች ሕግ ይማራሉ፣ ይቀስሳሉ ወይም መኮንን ይሆናሉ፤ ሸራና ቀለም ግን በአብዛኛው የድብልቅ ዘርና የጥቁር ባለሙያዎች እጅ ውስጥ ነበር። ሙያው የሚገኘው በአካዳሚ ሳይሆን በጌታ ሠዓሊ ቤት ነው፤ ልጁ ቀለም እየፈጨ፣ ሸራ እየወጠረ፣ ቀላሉን ክፍል እየሞላ ያድጋል። ሂል ዴ ካስትሮም በዚህ መንገድ በሊማ ሳይሠለጥን አልቀረም። የአሣሣል ዘዴው በእንደራሴዎቹ ዘመን ማብቂያ በሊማ ከነበሩት ዋነኛ የምስል ሠዓሊዎች አንዱ ከሆነው ከፔድሮ ዲያስ ሥራ ጋር በጣም ስለሚቀራረብ፣ አጥኚዎች የእሱ ደቀ መዝሙር ሳይሆን አልቀረም ብለው ይገምታሉ።

የዚያ ትምህርት ቤት ወግ የታወቀ ነበር። ባለምስሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል ወይም እስከ ወገቡ ይታያል። ከኋላው ከባድ መጋረጃ ይሰቀላል፣ ከጎኑ መጽሐፍ ወይም ቀለም ዕቃ የተቀመጠበት ጠረጴዛ ይኖራል። በአንድ ማዕዘን የቤተሰቡ የዘር አርማ ይሣላል፤ ከሥር ወይም ከጎን ስሙን፣ ማዕረጉንና ዕድሜውን የሚዘረዝር ጽሑፍ ይሰፍራል። ፎቶግራፍ ባልነበረበት ዘመን እንዲህ ያለው ሥዕል ለባለቤቱ ጌጥም ሰነድም ነበር። መልኩ ለልጅ ልጅ ይተላለፋል፤ ከመልኩ ይበልጥ ግን ደረጃው እንዲታይለት ይፈለጋል። ሂል ዴ ካስትሮ ይህን ወግ እስከ ዕድሜው ማብቂያ አልጣለውም። የለወጠው በውስጡ የሚገባውን ነገር ነው።

ከሥዕሉ ሌላ ወታደርነትም ነበረው። ስፔን በቅኝ ግዛቶቿ የነጻ ጥቁሮችና የፓርዶዎች ሚሊሺያ ታቋቁም ነበር፤ ሂል ዴ ካስትሮም በሰሜን ፔሩ በትሩሂዮ ከተማ ሚሊሺያ የሻምበልነት ማዕረግ ነበረው፤ ይህን ማዕረግ በኋላ በሥዕሎቹ ላይ ይጽፈዋል። ለቆዳው ቀለም ብዙ በር ለተዘጋበት ሰው የደንብ ልብሱ የሕግ ጥቅምና ክብር የሚያስገኝ ነበር። የጥልፉን ክር፣ የቁልፉን ረድፍና የትከሻ ምልክቱን ያን ያህል ጠንቅቆ የሚሥል ሰው የራሱም ገላ ልብሱን የለበሰ መሆኑን ተመልካች ማሰቡ አይከፋም።

በ1810ዎቹ መጀመሪያ ወደ ደቡብ ተጉዞ በቺሊ ሳንቲያጎ ሥራ ጀመረ። ሳንቲያጎ ከሊማ ጋር ስትነጻጸር ትንሽና ድሃ ከተማ ነበረች፤ ጥሩ የምስል ሠዓሊም አልነበራትም። ስለዚህ ከሊማ የመጣው ባለሙያ ወዲያው ደንበኛ አገኘ። የመጣበት ጊዜ ግን የታወከ ነበር። ቺሊ በመስከረም 1810 የራሷን መማክርት አቋቁማ ነበር፤ በጥቅምት 1814 በራንካጓ ጦርነት አርበኞቹ ተሸነፉና የስፔን ሹሞች ተመልሰው ገቡ። በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት ከተመለሰው የስፔን አገዛዝ ጎን የቆሙት ባለጸጎች መልካቸውን ለማስቀረት ወደ ሂል ዴ ካስትሮ መጡ። በ1815 የንጉሥ ፈርናንዶ ሰባተኛን ምስል ሣለ፤ ሥዕሉ ዛሬ በሳንቲያጎ ብሔራዊ የታሪክ ሙዚየም ይገኛል። ንጉሡ አሜሪካን ረግጦ አያውቅም፤ እንዲህ ያለ የንጉሥ ምስል የሚሣለው ከሌላ ምስል ተቀድቶ ነበር። በ1816 የሣለው የራሞን ማርቲኔስ ዴ ሉኮና የልጁ የሆሴ ፋቢያን ምስል ደግሞ የዚህ ዘመን ምርጥ ሥራው ነው። አባትና ልጅ አብረው የሚታዩበት ሥዕል በዚያ አገር ብርቅ ነበር፤ የልጁ ፊትም ሠዓሊው ለባላባቶቹ ከማይሰጠው ሙቀት ጥቂት አግኝቷል። በዚሁ ጊዜ ሂል ዴ ካስትሮ የሳንቲያጎ ሠዓሊዎች ማኅበር ዋና ጌታ የሚል ማዕረግ ያዘ።

በየካቲት 1817 ሆሴ ዴ ሳን ማርቲንና ቤርናርዶ ኦሂጊንስ የአንዲስን ተራራ አቋርጠው በቻካቡኮ የንጉሡን ጦር ሰበሩ። ኦሂጊንስ የቺሊ ከፍተኛ መሪ ሆነ። ትናንት የፈርናንዶን ዘውድ የሣለው ሰው በጥቂት ወራት ውስጥ የአሸናፊዎቹን ምስል መሥራት ጀመረ። ይህን እንደ ክህደት መቁጠር ቀላል ነው፤ ነገር ግን ትርፉ ትንሽ ነው። ሠዓሊው የሚኖረው በትእዛዝ ነበር፤ ከደንበኞቹም ብዙዎቹ ራሳቸው ወገን ለውጠዋል። ይልቁንም የሚያስገርመው አዲሱ ሥርዓት የሠዓሊውን ሸራ እንዴት እንደለወጠው ነው። ኦሂጊንስ በ1817 በየቤቱ በር ላይ የተሰቀሉት የዘር አርማዎች እንዲወርዱና የመኳንንት ማዕረግ እንዲቀር አዘዘ። በምትኩ በዚያው ዓመት «ሌጊዮን ዴ ሜሪቶ» የሚባል፣ በዘር ሳይሆን በአገልግሎት የሚገኝ ኒሻን አቋቋመ። የዘር አርማው ከሥዕሉ ማዕዘን ጠፋ፤ ኒሻኑ በደረት ላይ ተተካ። አንድ ሰው የሂል ዴ ካስትሮን ሥራዎች በዓመት ቅደም ተከተል ቢደረድራቸው አዋጁን ሳያነብ ለውጡን ሊያየው ይችላል።

ሳን ማርቲንን ደጋግሞ ሥሎታል። በቻካቡኮና በሚያዝያ 1818 በማይፑ በተደረጉት ጦርነቶች ድል የተነሳ ምስሉን የሚፈልጉ ሰዎችና ተቋማት በዝተው ስለነበር፣ ያው ፊት በትንሽ በትንሹ እየተለወጠ በበርካታ ሸራዎች ላይ ይታያል። ረጅም አፍንጫ፣ ጥቁር የጉንጭ ፀጉር፣ ሰፊ ጥቁር ዓይን፣ ደረቱ ላይ የኒሻን ረድፍ። ጄኔራሉ ለእያንዳንዱ ቅጂ ፊት ለፊት አልተቀመጠም፤ ሠዓሊው አንድ የተሳካ ፊት ካገኘ በኋላ እሱኑ ይደግመዋል። ዛሬ ፎቶግራፍ አንሺ ከአንድ ፊልም ብዙ እንደሚያትም ማለት ነው። የኦሂጊንስንም ምስል እስከ ደረቱም ሙሉ ቁመቱንም ሠርቷል፤ የቺሊ መሪ መልክ ተብሎ በሕዝብ አእምሮ የተቀረጸው ይኸው ነው።

ስለ ጥበቡ ሚዛናዊ ፍርድ መስጠት ያስፈልጋል። የሚሥለው አካል ደረቅ ነው፤ እጆቹ ብዙ ጊዜ ከእንጨት የተጠረቡ ይመስላሉ። ጥላ እምብዛም ስለማይጠቀም ሰዎቹ ከጀርባቸው ካለው ግድግዳ የራቁ አይመስሉም። የአውሮፓ አካዳሚ ያስተማረው ዓይን እነዚህን እንደ ጉድለት ይቆጥራቸዋል። በሌላ በኩል የጥልፍን ወርቅ፣ የዳንቴልን ቀዳዳ፣ የጌጥን ፍንጣቂ፣ የሐርን መታጠፍ እንደ እሱ አድርጎ የሣለ በዘመኑ በዚያ አህጉር አይገኝም። የፊት ጠርዞቹ በስለት የተቆረጡ ያህል ጥርት ያሉ ናቸው፤ ዓይኖቹም ተመልካቹን ቀጥታ ያያሉ። ይህ ጥራት ለምስሎቹ ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጋር የሚቀራረብ ጽናት ይሰጣቸዋል። መቀራረቡ ድንገተኛ አይደለም፤ ሂል ዴ ካስትሮ የቅዱሳን ሥዕልም ይሠራ ነበር፤ ጄኔራሎቹንም እንደ ቅዱሳኑ ምልክታቸውን አስይዞ፣ ስማቸውን ጽፎ፣ ፊት ለፊት አቁሞ ያቀርባቸዋል። አዲሱ መንግሥት ይፈልግ የነበረው ይህንኑ ነው፤ ትናንት ያልነበረ ሥልጣን ዛሬ ሁልጊዜ የነበረ እንዲመስል።

የሠዓሊው የሕይወት ታሪክ በብዛት የሚነበበው ግን ከፊርማው ነው። መጀመሪያ አካባቢ ስሙን በላቲን አጻጻፍ አሳጥሮ ያኖር ነበር። ከዚያ ፊርማው እየረዘመ ሄደ። የትሩሂዮ ሚሊሺያ ሻምበልነቱ ይገባል፣ የሳንቲያጎ ሠዓሊዎች ማኅበር ዋና ጌትነቱ ይታከላል። ከ1817 በኋላ ደግሞ የሌጊዮን ዴ ሜሪቶ አባልነቱ፣ በጥቁሮችና በፓርዶዎች በተመሠረተው «የአገር እግረኞች» ሻለቃ ሻምበልነቱ፣ በካርታና በመሬት ቅየሳ መሥሪያ ቤት የያዘው ማዕረግ፣ የከፍተኛው መሪ የምስል ሠዓሊነቱ ይዘረዘራሉ። አንዳንዱ ፊርማ ከባለምስሉ ስም ጋር እስከ መፎካከር ይደርሳል። በዘመኑ ሠዓሊ ሥራውን አለመፈረሙ የተለመደ ነበርና ይህ ሁሉ ማዕረግ ከንቱ ውዳሴ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። በባርነት ከኖረች እናት የተወለደው ሰው የቺሊ ባላባት ሳሎን ውስጥ በተሰቀለ ሸራ ላይ ራሱን በጽሑፍ የሣለበት ቦታ ነው። በኋላ የታሪክ ጸሐፊዎች «ሙላቶው ሂል» የሚል፣ ድብልቅ ዘርነቱን የሚያመለክት ቅጽል አወጡለት፤ እሱ በፊርማዎቹ ይህን ቃል አልተጠቀመበትም።

በሳንቲያጎ በ1817 ማሪያ ኮንሴፕሲዮን ማርቲኔስን አገባ። ሆኖም ቺሊ ውስጥ አልቀረም። ሳን ማርቲን በ1820 ጦሩን በመርከብ ወደ ፔሩ አሻግሮ፣ ሐምሌ 28 ቀን 1821 በሊማ የፔሩን ነጻነት ካወጀ በኋላ፣ የተወለደባት ከተማ ለአርበኛ ሠዓሊ ክፍት ሆነች። በ1822 ሂል ዴ ካስትሮ ሊማ ውስጥ ይሠራ ነበር። በዚያ ያገኛቸው ደንበኞች ከቺሊዎቹ ይበልጥ ተለዋዋጮች ነበሩ። ከሣላቸው አንዱ የቶሬ ታግሌ ማርኪስ ነው፤ ይህ ሰው የአዲሲቱ አገር ፕሬዚዳንት ሆኖ ሠርቶ፣ በኋላ ወደ ንጉሡ ወገን ዞሮ፣ በ1825 በካያዎ ወደብ ምሽግ ውስጥ ሞተ። ሥዕሉ ላይ ግን ለዘለዓለም አርበኛ ነው።

የሲሞን ቦሊቫር ዝነኛ ምስሎች የተሠሩት በ1825 ነው። በታኅሣሥ 1824 በአያኩቾ በአህጉሩ የነበረው ዋናው የስፔን ጦር ድል ከተመታ በኋላ ቦሊቫር በሥልጣኑ ከፍታ ላይ ነበር። ሂል ዴ ካስትሮ ሙሉ ቁመቱን ሣለው። ፊቱ ረጅምና ቀጭን ነው፤ ግንባሩ ሰፍቶ ፀጉሩ ወደ ኋላ ሸሽቷል፤ ደረቱ በወርቅ ጥልፍ ተጨንቋል። ቦሊቫር ለእንግሊዛዊው ጄኔራል ለሮበርት ዊልሰን በጻፈው ደብዳቤ ላይ በሊማ የተሠራው ምስሉ እጅግ ትክክለኛና እሱን የሚመስል መሆኑን መስክሯል። የቦሊቫር ምስሎች በብዙ እጅ ስለተሣሉና እርስ በርስ ስለማይስማሙ ይህ ቃል ለታሪክ ጸሐፊዎች ከባድ ሚዛን አለው። ከዚህ ዘመን ሥራዎቹ አንዱ በካራካስ የምክር ቤቱ ሞላላ አዳራሽ፣ ሌላው በቦሊቪያ ሱክሬ ከተማ የነጻነት አዋጅ በተፈረመበት ቤት ተሰቅሏል። ፊቱ ያማረ አለመሆኑ ለታማኝነቱ ጥሩ ምስክር ይመስላል፤ ሌሎች ሠዓሊዎች ቦሊቫርን ሲያሳምሩት ሂል ዴ ካስትሮ የደከመውን የአርባ ዓመት ሰው ትቶልናል።

ከሥራዎቹ ሁሉ ለብቻው የሚቆመው ግን የጄኔራል ምስል አይደለም። ሆሴ ኦላያ ከሊማ በስተ ደቡብ ባለችው የቾሪዮስ መንደር የሚኖር የአገሬው ተወላጅ ዓሣ አጥማጅ ነበር። በሰኔ 1823 የንጉሡ ጦር ሊማን መልሶ በያዘ ጊዜ የአርበኞቹ መንግሥት ወደ ካያዎ ወደብ አፈግፍጎ ነበር። በሊማ በቀሩት አርበኞችና በካያዎ ባለው መንግሥት መካከል ምስጢራዊ ደብዳቤ የሚያመላልሰው ኦላያ ነበር፤ በባሕር በኩል እየዋኘ ያደርስ እንደነበር ይነገራል። ተያዘ፤ በጭካኔ ተገረፈ፤ የላኪዎቹንና የተቀባዮቹን ስም ግን አላወጣም። ሰኔ 29 ቀን፣ የዓሣ አጥማጆች ጠባቂ የቅዱስ ጴጥሮስ በዓል ዕለት፣ ከሊማ ዋና አደባባይ አጠገብ ባለች ጠባብ መንገድ በጥይት ተገደለ። መንገዷ ዛሬ በስሙ ትጠራለች።

ሂል ዴ ካስትሮ ምስሉን የሠራው ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1828 ነው። እስከዚያ ድረስ ሙሉ ቁመት በአብዛኛው የሚሰጠው ለንጉሥ፣ ለእንደራሴ፣ ለጄኔራል ነበር። ኦላያ በዚሁ መጠን፣ እግሩ መሬት ረግጦ፣ ነጭ በነጭ ለብሶ ቆሟል። ከበስተጀርባው የቾሪዮስ ባሕር ይታያል፤ በእጁ ደብዳቤዎቹን ይዟል። ሠዓሊው ለጄኔራሎቹ የተጠቀመበትን ሙሉ ሥርዓት ኒሻን ለሌለው ሰው ሰጠው፤ የጄኔራሉን ሰይፍ ቦታ ወረቀቶቹ ያዙ። ሞቶ ከአምስት ዓመት በኋላ የተሣለ በመሆኑ የመልኩ ትክክለኛነት አጠራጣሪ ሊሆን ይችላል፤ የሥዕሉ ክብደት ግን በመልክ መምሰሉ ላይ አይደለም። በላቲን አሜሪካ የነጻነት ሥዕል ታሪክ ውስጥ ተራ ሰው፣ ያውም የአገሬው ተወላጅ፣ በጀግና ቁመት የቆመበት እንዲህ ያለ ቀደምት ሥራ ጥቂት ነው። በሊማ የአርኪዮሎጂ፣ የአንትሮፖሎጂና የታሪክ ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ ይገኛል።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት ጠበብ ያሉ ነበሩ። ቦሊቫር በ1826 ፔሩን ለቆ ሄደ፤ አገሪቱም በጄኔራሎች ፉክክር ተናጠች። በ1823 ከሥልጣን የወረደው ኦሂጊንስም ስደተኛ ሆኖ ፔሩ ውስጥ ይኖር ነበር። ሠዓሊው ፕሬዚዳንቶችን፣ መኮንኖችንና የከተማ ቤተሰቦችን መሣሉን ቀጠለ፤ በ1835 የፕሬዚዳንት ሉዊስ ሆሴ ዴ ኦርቤጎሶን ምስል ሠርቷል። በ1837 በሊማ አረፈ። የቆዩ መጻሕፍት የሞቱን ዓመት 1841 ይሉታል፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የተደረገው የመዝገብ ምርመራ ግን ወደ ፊተኛው ዓመት ያዘነብላል። ባርነት በቺሊ በ1823 ቢቀርም፣ በተወለደባት ፔሩ የቀረው እሱ ካረፈ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ1854 ነው።

ስሙ ቶሎ ደበዘዘ። በ1843 ፈረንሳዊው ሬሞን ሞንቯዛን በፓሪስ የሠለጠነበትን ለስላሳ ብርሃንና ጥላ ይዞ ሳንቲያጎ ሲገባ የባለጸጎቹ ምርጫ ወደ እሱ ዞረ፤ የሂል ዴ ካስትሮ ጥርት ያለ ደረቅ መስመር ኋላ ቀር መሰለ። ምስሎቹ ግን አልተጣሉም፤ የጀግኖቹ መልክ የሚገኘው በእነሱ ላይ ነበርና እንደ ታሪክ ማስረጃ ተጠበቁ፣ ተቀዱ። ሠዓሊውን ራሱን እንደ ጥበብ ሰው መልሶ ያቀረበው የቺሊው የታሪክ ጸሐፊ ሃይሜ ኤይሳጊሬ በ1950 ያሳተመው መጽሐፍ ነው። በሳንቲያጎ የላስታሪያ ሰፈር ያለች አንዲት ትንሽ አደባባይም ቅጽል ስሙን ይዛለች።

ከሁሉ ሰፊው ጥናት የተደረገው በያዝነው ክፍለ ዘመን ነው። በፔሩ፣ በቺሊና በአርጀንቲና የሚገኙ ተመራማሪዎችና የቅርስ ጥገና ባለሙያዎች፣ ከእነሱም አንዷ የሊማ የጥበብ ሙዚየም የነበረችው ናታሊያ ማህሉፍ፣ በየአገሩ የተበተኑትን ሥራዎች አሰባስበው ሸራውን፣ ቀለሙንና ፊርማውን መረመሩ፤ የጥምቀትና የጋብቻ መዛግብትንም ፈተሹ። የወላጆቹና የወንድሙ ታሪክ ግልጽ የሆነው በዚህ መንገድ ነው። የጥናቱ ውጤት በ2014 በሊማ፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በሳንቲያጎ በትልቅ ዐውደ ርእይ ቀረበ። ዛሬ ከመቶ በላይ ሥዕሎች የእሱ መሆናቸው ይታወቃል። ያልተፈረሙት ሥራዎች ግን አሁንም ያከራክራሉ። ዋናው ችግር የጄኔራሎቹ ምስል ተፈላጊ ስለነበር ሌሎች እጆችም እየቀዱ ማባዛታቸው ነው፤ ስለዚህ አንድ የሳን ማርቲን ሸራ የሂል ዴ ካስትሮ ነው ለማለት ፊቱ መመሳሰሉ አይበቃም፤ የጥልፉ አሠራርና የቀለሙ ድርብርብ አብረው መታየት አለባቸው።